ወርቃማው አሞርዛተር ይቆይ

ስፖርት ሞተር የሚነዱ ወዳጆቼ አዲስ ሞተር በገዙ በሳምንቱ የሚያወሩት ስለ ማርሚታ ነው። የሚጨምረው ጉልበት ከቁጥር የማይገባ እንደሆነ እያወቁም ይገዛሉ፤ ድምፁ ይሰማላቸዋላ! ሞተሩን ኩርባ ላይ ስለሚይዘው፣ ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን እንዳይደፋ ስለሚያደርገው ነገር የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። ከጠየቀም የሚጠይቀው ስለ ውዱ ዕቃ ነው። እኔ ደግሞ ውዱ ዕቃ መጨረሻ ላይ ይምጣ ባይ ነኝ።

ሱዙኪ ኤስቪ 650ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1999 ገበያ ላይ የወጣ፣ 645 ሲሲ፣ በቪ ቅርጽ የተቀመጡ ሁለት ሲሊንደሮች ያሉት፣ ጀማሪም ልምድ ያለውም የሚወደው ሞተር ነው። ሞተሩ ሸጋ፣ የአሉሚኒየም ሻንሲው ጠንካራ፣ ዋጋውም ኪስ የማይጎዳ። ታዲያ ዋጋው እንዲያ ሊወርድ የቻለው ከየት ላይ ተቆጥቦ ነው? ከፊት ሹካውና ከኋላ አሞርዛተሩ።

የፊቱን 41 ሚሊሜትር ሹካ የፈታ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል። ዘይቱ የሚያልፈው በውስጡ ባለ ዘንግ ላይ ባሉ፣ መጠናቸው በማይለወጥ ቀዳዳዎች ነው። ፍሬን ተይዞ ሹካው ቀስ እያለ ሲወርድ ዘይቱ ያለ ችግር ሾልኮ ስለሚያልፍ የሚያግደው የለም፤ ሞተሩ ይደፋል። ጎማው ድንገት የአስፋልት ስንጥቅ ሲመታ ደግሞ ያው ዘይት በዚያው ቀዳዳ በጥድፊያ ማለፍ አለበት። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ያን ጊዜ ሹካው ይደርቅና ምቱ በቀጥታ ወደ ነጂው እጅ ይመጣል። ስለዚህ አንዱ ነጂ «ሹካዬ ላላ» ሲል፣ ሌላው «ሹካዬ ደረቀ» ሲል ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩትም ስለ አንድ ዓይነት ሹካ ነው።

በዚህ መሀል አንድ ሥር የሰደደ የተሳሳተ እምነት አለ። ሞላውን የሚጫነውን ብሎን ማጥበቅ ሞላውን ያጠነክረዋል ይባላል። ጋራዥ ውስጥ ሲነገር ሰምቻለሁ፤ በልበ ሙሉነት ነው የሚነገረው። ግን አያጠነክረውም። ለእያንዳንዱ 1 ኪሎ 1 ሚሊሜትር የሚያጥር ሞላ ብሎኑ ቢጠብቅም ቢላላም ለ1 ኪሎ 1 ሚሊሜትር ነው የሚያጥረው። የሚለወጠው ሞተሩ የሚቆምበት ከፍታ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ሲላላ ዝቅ ይላል። ሞላው ለነጂው ክብደት ከሳሳ በካቻቪቴ የሚፈታ ነገር የለም፤ ሞላው መቀየር አለበት።

ሞላው መሳሳቱ የሚታወቀው በግምት ሳይሆን በሜትር ነው፤ ሥራው ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ጃኬቱን፣ ቦቲውን፣ ሄልሜቱን አድርጎ ሞተሩ ላይ ይቀመጣል። ሁለተኛው ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ሦስተኛው ሜትር ይዞ ይንበረከካል። መጀመሪያ የፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሹካው ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ ምን ያህል እንደሚረዝም ይለካል፤ ከዚያ ሰውየው ተቀምጦ ይለካል። ልዩነቱ ለመንገድ ከ30 እስከ 35 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። የኤስቪ ሹካ ጠቅላላ ጉዞው 130 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ሩብ ያህሉ ነጂውን በመሸከም ብቻ ያልቃል ማለት ነው። አንዴ ለክቶ መተው ግን አይበቃም። ሹካው ውስጥ ሰበቃ አለ፤ ወደ ታች ተጭኖ በቀስታ ሲለቀቅ አንድ ቁጥር፣ ወደ ላይ ተስቦ በቀስታ ሲለቀቅ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። እውነተኛው መሀላቸው ላይ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በጣም ከተራራቁ ደግሞ ችግሩ ሞላው ሳይሆን የቆሸሸ ወይም የጠመመ ሹካ ሊሆን ይችላል።

የኋላው ልኬት የሚገርም ነገር ያሳያል። ነጂው ሲቀመጥ ቁጥሩ ልክ ሆኖ፣ ሰውየው ሲወርድ ግን ሞተሩ በራሱ ክብደት ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ጠንክሯል የሚል ይበዛል። የተገላቢጦሽ ነው። ሞላው ሳስቶ ሳለ ቁመቱን ለማዳን ከመጠን በላይ ስለተጫነ ነው መላወሻ ያጣው።

ይህ ነገር የስፖርት ሞተር ባለቤቶች ብቻ እንዳይመስል። በክልል ከተሞቻችን በሚመላለሱት ትንንሽ ሞተሮች የኋላ አሞርዛተር ሥር ደረጃ ደረጃ ያላት፣ በቁልፍ ስትዞር ሞላውን የምትጫን ቀለበት አለች። ከኋላ ሰው ተጭኖ፣ ከሰውየው ጀርባ ጆንያ ታስሮ፣ ቀለበቷ ግን ከፋብሪካ እንደመጣች ናት። ማታ መብራቱ ሰማይ ሰማይ እያየ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን የሚወጋው አንድም ኋላው በዚህ ስለሚወርድ ነው። ማዞሩ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው፤ በነፃም ነው።

ወደ ኤስቪ ስንመለስ፣ ገንዘብ መውጣት ካለበት የእኔ ቅደም ተከተል የሚጀምረው ሳንቲም ከማያስወጣው ነው፦ የጎማ ንፋስ፣ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ። ለጥቆ የመሪው ኩሽኔታ፤ እሱ ካረጀ የቀረው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ከዚያ ዓመታት የቆየው የሹካ ዘይት ይለወጥ። ከዚያ ለክብደት የሚስማማ ሞላ። እዚህ ላይ ሬስ ቴክ የሚባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ የሠራት ኢሙሌተር የምትባል ብልሃት አለች። በሞላው ሥር፣ በአሮጌው ዘንግ አናት ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ቫልቭ ናት። የዘንጉ ቀዳዳዎች በመሰርሰሪያ ይሰፉና ዘይቱን የመቆጣጠሩ ሥራ ለእሷ ይሰጣል፤ ድንገተኛ ምት ሲመጣ ትከፈታለች፣ ፍሬን ሲያዝ ጠበቅ ትላለች። ለዚህ ሞተር ከዚህ የተሻለ የገንዘብ አጠቃቀም አላየሁም።

ከሌላው የሱዙኪ ስፖርት ሞተር ከጂኤስኤክስ-አር ላይ ሙሉ ሹካ ነቅሎ መግጠምም የተለመደ ነው፤ ሲያዩት ያምራል። ግን የሹካው ርዝመት ይለያያል፤ ርዝመቱ ሲለያይ የመሪው ማዘንበል ይለወጣል። ኤስቪ ከፋብሪካ ሲወጣ መሪው 25 ዲግሪ ያጋደለ ነበር፤ የፊት ጎማው መሬት የሚነካውም የመሪው መስመር መሬት ከሚያርፍበት 100 ሚሊሜትር ወደ ኋላ ነው። ፊቱ ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ ቢል ሁለቱም ይቀንሳሉ፤ ሞተሩ ኩርባ ውስጥ ፈጥኖ ይገባል፣ ቀጥ ባለ መንገድ በፍጥነት ሲሄድ ግን መሪው መረበሽ ሊጀምር ይችላል። ይህን ሳያሰሉ የገጠሙ ሰዎች ሲቸገሩ ጥፋቱን በጎማው ያመካኛሉ።

ወርቃማው ዕቃስ? ኬንት ኦሊን የሚባል ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቋቋመው፣ ወርቃማውን አሞርዛተር የሚሠራው ኦሊንስ ስሙን ያገኘው መጀመሪያ በሞቶክሮስ፣ በጭቃና በዝላይ ውድድር ነው። ዕቃው ድንቅ ነው፣ አልከራከርም። ነገር ግን 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተመረጠ ሞላ ይዞ 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሥር ከገባ ወርቅ መሆኑ አይረዳውም። አብዛኛው የሚያማርርም ዕቃውን ገዝቶ፣ በሳጥኑ እንደመጣ አስገጥሞ፣ አንዲት ብሎን ሳይነካ የሚነዳው ነው።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የውድድር ሜዳ ለሕዝብ በሚከፈትባቸው ቀናት ብትሄዱ፣ ብዙ ጊዜ ድንኳን ዘርግቶ በመጠነኛ ክፍያ ይህን ሁሉ የሚያስተካክል ባለሙያ ታገኛላችሁ። ስትሄዱ ከነሙሉ ልብሳችሁ ተመዝናችሁ ሂዱ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ኪሏችሁን ነው። ስለ ማርሚታው አይጠይቃችሁም።