ዝርዝሩ ጥበቃውን አይቅደም

የዱር እንስሳት ሀብት የአንድ ትውልድ ብቻ ሳይሆን የተከታታይ ትውልዶች ንብረት መሆኑ የማይካድ ሐቅ ነው። ሆኖም ስለ ዱር እንስሳት በተነገረ ቁጥር በሰው ሐሳብ ቀድመው የሚመጡት ዝሆንና አንበሳ፣ ዋልያና ቀይ ቀበሮ ናቸው። በደረታቸው የሚሳቡት እባብ፣ እስስትና አርጃኖ፣ ድንጋይ ለባሿ ኤሊ፣ በውኃና በየብስ የሚኖሩት እንቁራሪቶችም ጠበቃ የላቸውም። ዛሬ እነዚህ ፍጡራን በብዙ አገሮች በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የሳሎን ጌጥ እየሆኑ በመሄዳቸው፣ በቤት እንዲያዙ በሕግ የተፈቀዱት ዓይነቶች ዝርዝር ይስፋ ወይስ አይስፋ የሚለው ጥያቄ በያለበት ይነሣል።

ለዚህ ጥያቄ ከሞያሌ ኬላ ማዶ ያለችው የጎረቤታችን ዋና ከተማ ናይሮቢ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከመሃል ከተማዋ ጥግ፣ በሙዚየም ኮረብታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተው የእባብ ማሳያ ሥፍራ ለተማሪና ለጎብኚ እባቡን፣ ኤሊውንና አዞውን በአጥር ውስጥ ሲያሳይ ኖሯል። ከዚያ አጥር ውጭ ያለው የከተማው ነዋሪ ግን ከኬንያ የዱር አራዊት አገልግሎት ፈቃድ ሳያገኝ አንዲት የዱር ኤሊ እንኳ በጓሮው ማኖር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዱር አራዊት ጥበቃና አስተዳደር ሕግ ፈቃድን ግዴታ አድርጎታል።

ዝርዝሩ እንዲሰፋ የሚሹ ወገኖች የሚያቀርቡት ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የተከለከለ እንስሳ በድብቅ ይያዛል፤ በድብቅ የተያዘውንም ሐኪም አያየውም፤ በሕግ ቢፈቀድ ግን አርቢው ገቢ፣ መንግሥትም ቀረጥ ያገኛል ይላሉ። ለዚህም ኖርዌይን ይጠቅሳሉ። ያች አገር ለአርባ ዓመታት ያህል ከልክላ ከቆየች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 የአሥራ ዘጠኝ ዓይነት እባቦች፣ እንሽላሊቶችና ኤሊዎች ዝርዝር አውጥታ ፈቅዳለች።

ይሁን እንጂ ፈቃድ ብቻውን ጥበቃ እንዳልሆነ የኬንያ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1972 ጥቂት ደርዘን ባለ ሦስት ቀንድ እስስቶች ከኬንያ ወደ ሃዋይ ደሴቶች ለእንስሳት ነጋዴ ተላኩ። ከጉዞው ደክመው ስለ ደረሱ በግቢው እንዲያገግሙ ለቀቃቸው። እነርሱም አጥሩን አልፈው ተራቡ፤ የደሴቶቹን ነባር ቀንድ አውጣዎችና ነፍሳት የሚበሉ መጤዎች ሆነው እስከ ዛሬ አሉ። በእንቁራሪቶች ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የእንስሳት ንግድ እንዲዛመት የረዳው አንድ የቆዳ ፈንገስ አምስት መቶ አንድ ዓይነት የእንቁራሪት ወገኖችን እንዳመናመነና ከእነዚህም ዘጠናው እንደ ጠፉ እንደሚታመን እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ገልጿል።

ፈላጊው ከትልቁ እንስሳ ወደ ትንሹ መዞሩንም ናይሮቢ አይታለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የጆሞ ኬንያታ አየር ማረፊያ ፍርድ ቤት በሺህ የሚቆጠሩ ጉንዳኖችን ይዘው የተገኙ አራት ሰዎችን እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም አሥራ ሁለት ወር እንዲታሰሩ ፈርዷል። ጉንዳኗ ለባዕድ አገር የመስተዋት ሣጥን ዋጋ ካወጣች፣ እስስቷና እንቁራሪቷ በምን ትድናለች?

እኛ ዝርዝር ፈጽሞ አይስፋ አንልም። የምንለው ዝርዝሩ ጥበቃው ከሚደርስበት አይለፍ ነው። ይህን ለመረዳት ወታደሩ ሩቅ መሄድ አያሻውም። በግምጃ ቤት ያለ ጠመንጃ ሁሉ ቁጥር አለው፤ ማን እንደ ተረከበው፣ መቼ እንደ መለሰው በመዝገብ ይታወቃል። ቁጥር የሌለው መሣሪያ በተገኘ ጊዜ ጥያቄው የሚጀምረው ከየት መጣ ከሚለው ነው። በቤት እንዲያዝ የሚፈቀድ እንስሳም እንዲሁ ሊሆን ይገባል። በአርቢ እጅ የተፈለፈለ እንጂ ከጫካ የተለቀመ አለመሆኑ ይረጋገጥ፤ መለያ ምልክት ይኑረው፤ ባለቤቱ ይመዝገብ፤ መርዛማ የሆነው ዓይነት ከመኖሪያ ቤት ይራቅ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓመት ከሰማንያ አንድ ሺህ ያላነሱ ሰዎች በእባብ ንክሻ ይሞታሉ፤ ይህን መቅሠፍት ወደ ሳሎን ማስገባት ጨዋታ አይደለም።

አንዳንዶቹ ዓይነቶች ደግሞ ከነጭራሹ ለንግድ የሚሆኑ አይደሉም። እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ የሆነችው የኬንያ የዓለት ኤሊ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። አንዲት ኤሊ ከዓለቷ በተሰረቀች ቁጥር ምትኳ በብዙ ዓመት አይገኝም። ሳይተስ በመባል የሚታወቀው የዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2019 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው በጥብቅ ከሚጠበቁት መደብ ያስገቧት ስለዚህ ነው።

ነገሩ የጎረቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። አገራችን ከዚሁ ስምምነት የገባችው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ንም አውጥታለች። በባሌ የሐረና እፉኝት በሳይንስ ስም የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኝ ፍጡር ገና በስሙ ሳናውቀው በሻንጣ ተሸጉጦ ቢወጣ የሚጠየቀው ማን ነው?

ስለሆነም በኬላ የቆመው ዘብ ሻንጣ ሲፈትሽ ከጥይትና ከዝሆን ጥርስ ሌላ በካልሲ የተጠቀለለች ኤሊ፣ በብልቃጥ የታሸገች እንቁራሪት ልትኖር እንደምትችል ይወቅ። የከተማው ነዋሪም ልጁ ከሜዳ ያመጣለትን ኤሊ ወደ መጣችበት ይመልስ፤ ለሚገዛ መንገደኛም አይሽጥ። መዝገቡ ሲሟላ፣ ጠባቂው ሲሠለጥን፣ ያን ጊዜ ዝርዝሩ በልክ ይስፋ እንላለን።