«ለረጅም ጊዜ ነው» ለሚሉን

ለወትሮው ስንኝ ስቋጥር የምታውቁኝ ሰው ዛሬ ስለ አክሲዮን ልጽፍ መነሣቴ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ሆኖም እንጀራዬ ከባንክ መስኮት እንጂ ከግጥም አይደለም። ከዐሥር ዓመት በላይ ዊንጌት አካባቢ በሚገኝ አንድ ቅርንጫፍ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬአለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከሰማኋቸው አነጋገሮች መካከል አንዱ ሰሞኑን እረፍት ነሥቶኛል፤ «ለረጅም ጊዜ ነው» የሚለው። አክሲዮን ሻጩ ይለዋል፤ በቴሌቪዥን የሚቀርበው ባለሙያ ይለዋል፤ እኔም ብዬዋለሁ። ሙግቴ ከዚህ አነጋገር ጋር ነውና፣ ከራሴ ጋርም ጭምር መሆኑን አስቀድሜ ልናዘዝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2013 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገ። ለነባሮቹ ባንኮች ለመድረሻ የተሰጣቸው ዓመታት ነበሩ፤ ይሁን እንጂ ዐሥር እጥፍ ቀልድ አይደለም። ጭንቀቱ ከላይ ወደ ታች ወረደና እያንዳንዳችን መስኮት ላይ ደረሰ፤ «በዚህ ወር ይህን ያህል አክሲዮን ሽጡ» ተባልን። የባንኬን ስም አልጠራም። በዚያው ሰሞን፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ጥጥ ፈትለው ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የሚያስረክቡ አንዲት እናት ወደ መስኮቴ መጡ። ልጃቸው ቤይሩት በሰው ቤት እየሠራች ለዓመታት የላከችላቸው 150 ሺሕ ብር በደብተራቸው ነበረ። «ልጄ፣ ይቀመጥ ወይስ አክሲዮን ልግዛበት?» አሉኝ። እኔም ያለ አንዳች ማመንታት፣ «እማማ፣ አክሲዮን አይወርድም፤ ደግሞም ለረጅም ጊዜ ነው» አልኋቸው። ፈረሙ። የዚያን ወር ኮታዬን ሞላሁ።

ገንዘባቸውን በደብተር ባስቀምጥላቸው ኖሮ ጽድቅ ሠርቼ ነበር እያልሁ አይደለም። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ያደገው በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ነው። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። መቶ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ብር ይወስዳል፤ አምና በመቶ ብር ይሸምተው የነበረው ዕቃ ግን 130 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። እንግዲህ ቆጣቢው ከመቶው ዐሥራ ስምንቱን ያህል ተበልቶ ወጣ ማለት ነው። የተበላው ወዴት ሄደ? በርካሽ ለተበደረው ነዋ! በአገራችን ድኻው ለሀብታሙ የሚደጉምበት ከዚህ የበለጠ ጸጥ ያለ መንገድ መኖሩን እጠራጠራለሁ። በዚያ ዘመን ከባልደረቦቼ ጋር ስንቀላለድ የገጠምኋት ሁለት ስንኝ ነበረች፤

ጊዜ ዳኛ ቢሉኝ፣ ገንዘቤን ሰጠሁት፤
ዳኛው ርቦት ኖሮ፣ በልቶት አገኘሁት።

ስለዚህ ከደብተር መሸሽ ተገቢ ነው። ጥያቄው ወዴት ነው የሚለው ነው።

የ«ረጅም ጊዜ» ሰባኪዎች እውነት የላቸውም አልልም። በ1986 ዓ.ም. አዋጁ ለግል ባንኮች በሩን ከከፈተ በኋላ፣ አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም አክሲዮን የገዙ ሰዎች አልተቆጩም። ይህን ምሳሌ ግን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም ሻጭ ይጠቅሰዋል። የማይጠቀሰው ሌላው ነው። በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር አክሲዮን የሚገበያይ ቡድን ነበረ። በዚያ ገበያ የገዛ ሰውም ለረጅም ጊዜ ብሎ ነበር የገዛው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደርግ ባንኮችንና ኢንሹራንሶችን ወረሰ፤ ረጅሙ ጊዜ በአንድ ጀምበር አጠረ። አብዮት የእኛ ብቻ ዕዳ ነው የሚል ካለ ደግሞ ጃፓንን ይመልከት። አብዮት በሌለበት፣ ፋብሪካ በሚያጓራበት አገር፣ የቶኪዮው የኒኬይ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ ወደ 39 ሺሕ ተጠግቶ ነበር። ወደዚያ ከፍታ የተመለሰው በ2024 ነው። ሠላሳ አራት ዓመት! በ1989 በስድሳ ዓመቱ የገዛ ሰው ዋጋው ሲመለስለት ዘጠና አራት ዓመቱ ነው፤ ያውም ዕድሜ ከሰጠው።

ጊዜ በራሱ አያተርፍም። ጊዜ የሚያተርፈው ምን እንደ ያዘ ለሚያውቅ፣ በፈለገም ጊዜ ሸጦ ሊወጣ ለሚችል ሰው ነው። እማማ ሁለቱም አልነበራቸውም።

ምን እንደ ያዙ ቢያውቁ ኖሮ የሚጠይቁኝ ብዙ ነበር። እኛ ሻጮች የምንጮኸው በትርፍ ድርሻ ነው፤ «አምና 25 በመቶ ከፍሏል!» እንላለን። 25 በመቶው ግን የሚሰላው በወረቀቱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። ለምሳሌ 1 ሺሕ ብር የተጻፈበትን አክሲዮን ፕሪሚየም ተጨምሮበት በ1,500 ብር የገዛ ሰው የሚያገኘው 250 ብር ነው፤ ይህም ካወጣው ገንዘብ 17 በመቶ እንኳ አይሞላም። የዋጋ ንረቱን በጎኑ አስቀምጡትና ፍረዱ። በዚያ ላይ ባንኩ ካፒታሉን ለማሳደግ አዳዲስ አክሲዮኖች በገፍ ሲሸጥ፣ ለዐሥር ይቆረስ የነበረው ዳቦ ለሃያ ይቆረሳል። አዲሱ ገንዘብ ዳቦውን እስኪያተልቀው ድረስ ቁራሹ ያንሳል። ይህንን በብሮሹር ላይ አይቼው አላውቅም። እኔም አልተናገርሁም፤ ያልተናገርሁትም ባለማወቄ ነበር ብል እዋሻለሁ፤ በዲግሪዬ ላይ ተጽፏል።

«አክሲዮን አይወርድም» የሚለውስ ከየት መጣ? ገበያ ስላልነበረ ነው። የማይሸጥ ነገር ዋጋው እንዴት ይወርዳል? ቴርሞሜትር የሌለው ቤት ትኩሳት የለበትም እንደ ማለት ነው¡ ወደ ላይ መውጣቱንም ቢሆን የምናውቀው በአጋጣሚ ነበር። የውጭ ዜግነት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ባለአክሲዮኖች ድርሻ በብሔራዊ ባንክ ትእዛዝ ለጨረታ ሲወጣ፣ አንዳንዱ ከተጻፈበት ዋጋ በብዙ እጥፍ ተሸጠ። ያኔ ነው ብዙዎቻችን አክሲዮን ከተጻፈበት የተለየ ዋጋ እንዳለው የተረዳነው። አንዱ እጥፍ የሚያወጣ ከሆነ ሌላው ግማሽ ሊያወጣ እንደሚችል ግን ማንም አልተናገረም።

እማማ የተረዱት በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። በሊባኖስ ጦርነቱ ሲበረታ ልጃቸው እጇን አጣጥፋ ተመለሰች። ባልትና ቤት ልክፈት አለች፤ ገንዘቡም የእርሷ ነው። እማማ አክሲዮናቸውን ሊሸጡ መጡ። እኔም ሥርዓቱን ነገርኋቸው፤ ገዥ ራስዎ ይፈልጋሉ፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄደው ይዋዋላሉ፣ ከዚያ ዋናው መሥሪያ ቤት አክሲዮን ክፍል ያስመዘግባሉ። «ገዥ የት ነው የሚፈለገው ልጄ?» አሉኝ። አንድ ደላላ ከገዙበት ዋጋ ሩቡን ቀንሶ ሊወስድላቸው ጠየቃቸው። በእነዚያው ወራት ዶላር፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፎ ነበር፤ ስለዚህ የቀረውም ሦስት አራተኛ ቢሆን የድሮው ብር አልነበረም።

አሁን ወደ ሌላው ወገን ልመለስ። በጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሽያጭ ተጀመረ። ከኩባንያው 10 በመቶ፣ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ አንዱ በ300 ብር። ትንሹ ግዥ 33 አክሲዮን ነበር፤ 9,900 ብር። እኔም 33ቱን ገዝቻለሁ፤ ስለዚህ ምቀኛ እንዳልሆንሁ ይታወቅልኝ። ሽያጩ ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ገደማ፣ ገዥውም ከ47 ሺሕ ጥቂት የሚበልጥ ሰው ሆነ። ወዲያው ምሁራኑ «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም፤ ግንዛቤ ማስጨበጫ ያስፈልጋል» ማለት ጀመሩ። ይህ ነው እኔን የሚያንገበግበኝ! ከጳውሎስ ሆስፒታል ፊት ለፊት ሻይ የምንጠጣባት ቤት ሰዎች የሚጠይቁትን ሰምቼአለሁ። «ዘጠና በመቶው የመንግሥት ከሆነ ቦርዱን ማን ይመርጣል?» ይላል የታክሲው ተራ አስከባሪ። «መሸጥ ብፈልግ መቼ እችላለሁ?» ይላል ሌላው። ኒውዮርክ ያለ የፈንድ ሥራ አስኪያጅ ከዚህ የተሻለ ምን ይጠይቃል? በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቦ ደብተሩን ይዞ ዓመት ከዓመት ዕጣ የጠበቀ ሰው ስለ ረጅም ጊዜ ግንዛቤ አጣ ማለት ድፍረት ነው። ያጣው መልስ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ፣ ልቤን የሚነካኝ፣ ነገር ግን የማልቀበለው ሌላ ክርክር አለ። «የእኛ ሚውቿል ፈንድ ዕቁብ ነው፤ አባቶቻችን አስቀድመው አውቀውታል» ይላሉ ባህል ወዳዶቹ። ዕቁብን እወዳለሁ። በዕቁብ የተገዛ በሬ፣ በዕቁብ የተዳረ ልጅ ብዙ ነው። ግን ዕቁብ ብር አይወልድም፤ ብር ያዞራል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ፤ መጨረሻ የደረሰው ያለ ወለድ አበደረ። ኑሮ በየዓመቱ በሚወደድበት አገር የመጨረሻው ዕጣ ቅጣት ነው። ዕቁብተኛው ይህን ስለሚያውቅ አይደለም እንዴ ቀድሞ የሚወስደውን ዕጣ በገንዘብ የሚገዛው?

ፈንድ ሌላ ነገር ነው። ሺህ ሰው ትንንሽ ገንዘብ አዋጥቶ ከብዙ ኩባንያ ጥቂት ጥቂት ይገዛል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይደግፈዋል፤ ዋጋው ተሰልቶ ይነገራል፤ መውጣት የፈለገ በተነገረው ዋጋ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1976 ጆን ቦግል በአሜሪካ ለተራው ሰው የገበያውን ሁሉ ጥላ የሚከተል ፈንድ ሲያቀርብ 150 ሚሊዮን ዶላር ጠብቆ ያገኘው 11 ሚሊዮን ብቻ ነበር፤ የቦግል ሞኝነት ብለው ሳቁበት። እርሱ ግን «ሕዝቡ ግንዛቤ የለውም» ብሎ ከማማረር ይልቅ ወጪውን ቀነሰ፣ አሠራሩን ገለጠ፣ ጠበቀ። በእኛም የ2013ቱ የካፒታል ገበያ አዋጅ ለእንዲህ ያለው የጋራ ፈንድ ቦታ ሰጥቷል። ታዲያ ለእማማ አንድ ባንክ ብቻ ይዤ በመስኮት የጠበቅኋቸው ለምንድን ነው? ሙሉ ቁጠባቸውን በአንድ ወረቀት ላይ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ያውም እኔው በምቀጠርበት መሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ።

ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ፤ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ሆነ። ደስ ብሎኛል፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። በዚያው ዓመት የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅም ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷልና የትንንሾቹ ባንኮች አክሲዮን እውነተኛ ዋጋ በገሃድ መታየቱ አይቀርም። እኛ መስኮት ላይ ያለነው ግን ቃላችንን መቀየር አለብን። አክሲዮን ይወርዳል እንበል። አምና የከፈለው ዘንድሮ ላይከፍል ይችላል እንበል። ኮታ እንዳለብንም ለደንበኛው እንንገረው፤ ሐኪም ከመድኃኒት ሻጩ ኮሚሽን እንደሚቀበል ብናውቅ ማዘዣውን ሁለት ጊዜ አናነበውምን?

የገበያውን መከፈት ዜና የሰሙ ሰሞን እማማ እንደገና መጡ። ከደላላው ጋር አልተስማሙም ነበር፤ ወረቀቱ አሁንም በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሯል። መዝገቡን ፈትቼ፣ የእኛ ባንክ በዚያ ገበያ ገና እንዳልተመዘገበ፣ ሲመዘገብም ዋጋው ከገዙበት በታች ሊሆን እንደሚችል፣ ምናልባትም በላይ ሊሆን እንደሚችል፣ ቁርጡን ልነግራቸው እንደማልችል ገለጽሁላቸው። ከኋላቸው ሰልፍ ነበረ። ለረጅም ጊዜ ዐይን ዐይኔን አዩኝና፣

«ይህንንማ ያን ዕለት ብትለኝ ኖሮ» አሉ፤ «ግማሹን ብቻ እገዛ ነበር።»