ያለቀው ጎሚኒ፣ የምንገዛው ብረት

መርጡለ ማርያም ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነው፡፡ በመኪና ለሚተዳደር ሰው ግን ይህች የእነብሴ ሳር ምድር ከተማ ሌላም ነገር ታስታውሰዋለች፡፡ መኪናው የሚሠራው እዚያ ነው፤ መለዋወጫው ያለው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ነው፤ በመካከላቸው ደግሞ የዓባይ በረሃ ተጋድሟል፡፡

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፡፡ አንድ ሚኒባስ የፊት አንዱ ጎማው ግሎ፣ የተቃጠለ ሸራ እየሸተተ ከተማ ይገባል፡፡ መካኒኩ ጎማውን ፈትቶ “ካሊፐሩ ነክሷል” ይላል፡፡ ባለንብረቱ ሶማሌ ተራ ላለ ደላላ ይደውላል፡፡ ደላላው “ያለው ሙሉው ነው፣ ጎሚኒ ብቻውን አይሸጥም” ብሎ ዋጋ ይቆርጣል፡፡ ገንዘቡ በባንክ ይላካል፣ ዕቃው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ይመጣል፣ መኪናው እስከዚያው ቆሞ ይጠብቃል፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ ግጭቱ ከበረታ ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ቀናቱ ሳምንታት የሆኑበት ጊዜ ጥቂት አይደለም፡፡ የቆመ ሚኒባስ ዕቁብ አይጥልም፣ የባንክ ዕዳም አይከፍልም፡፡

ለመሆኑ በዚህ ሁሉ መሃል የተበላሸው ምንድን ነው?

ብረቱ አላለቀም

ካሊፐር ማለት የፍሬን ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ ግራና ቀኝ የሚያጣብቅ የብረት ቤት ነው፡፡ በውስጡ ፒስተን አለ፡፡ ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋዋል፡፡ በፒስተኑ ዙሪያ ጠርዙ አራት ማዕዘን የሆነ የጎማ ቀለበት ተቀምጧል፤ መካኒኮቻችን ጎሚኒ የሚሉት ነው፡፡ ይህ ቀለበት ዘይት እንዳይፈስ ከመከልከሉም በላይ ፒስተኑ ሲወጣ አብሮት በመጠኑ ይለጠጣል፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ደግሞ ወደ ነበረበት ሲመለስ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል፡፡ ከውጭ በኩል አቧራና ውሃ የሚከለክል ሌላ የጎማ ሽፋን አለ፡፡ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖችም አሉ፡፡

የጎጃም መንገድ በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ ነው፡፡ የውጭው ሽፋን ሲቀደድ አቧራና ውሃ ይገባል፤ ፒስተኑ ይዝጋል፤ ጎሚኒው ይደርቃል፤ ፒኑ ቅባቱን ይጨርሳል፡፡ ፒስተኑ መመለስ ያቅተውና ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይሄዳል፡፡ ትርፉ የነዳጅ ብክነት፣ የሸራ ማለቅና የመሪ መጎተት ነው፡፡

እንግዲህ ያለቀው ጥቂት ግራም የሚመዝን ጎማ ነው፡፡ እኛ ግን በውጭ ምንዛሪ የምናስመጣው ብዙ ኪሎ የሚመዝነውን ብረት ነው፡፡ ብረቱ ደግሞ መኪናው ላይ ተሰክቶ ቁጭ ብሏል! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው እንዲህ ላለው ንግድ ሳይሆን አይቀርም፡፡

አሮጌው መኪና የትም አይሄድም

ይህን ጉዳይ የገበያ ገጽ ላይ ያመጣነው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የወጣው ኤክሳይዝ ታክስ ያገለገሉ መኪኖችን በማስመጣት ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፡፡ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የቤት መኪናን ጨምሮ 38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ታገዱ፤ ይህ ዕገዳ በኋላ ቢነሳም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተወሰነ፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡

የዚህ ሁሉ ድምር አንድ ነው፡፡ አገር ውስጥ ያለው ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ሃይሉክስና ሚኒባስ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል፡፡ በመሆኑም የነገው ገበያ የእድሳት ገበያ ነው፡፡ “ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው” የሚል አንባቢ ቢኖር፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ካሊፐር እንዳለው እናስታውሰዋለን፡፡ እንዲያውም ሞተሩ ራሱ መኪናውን እየያዘ ባትሪ ስለሚሞላ የጎማው ፍሬን ብዙም አይሠራም፤ የማይሠራ ፒንና ፒስተን ደግሞ ቶሎ ይነክሳል፡፡

“ፍሬን ይቀለድበታል እንዴ?”

አንዳንድ ወዳጆቻችን “በግቢ ውስጥ የታደሰ ፍሬን ይዞ ዓባይ በረሃ መውረድ እብደት ነው፣ አዲስ መግዛት ይሻላል” ይላሉ፡፡ ሥጋታቸው የሚናቅ አይደለም፡፡ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ይወጣል፡፡ ሦስት ቶን የሚመዝን ሚኒባስ 1,200 ሜትር ሲወርድ የሚያወጣው ኃይል አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ከሚሰጠው ሙቀት አያንስም፡፡ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው ይህን ሙቀት የሚሸከሙት ፍሬኖቹ ናቸው፡፡ የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል፡፡ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው 140 ዲግሪ ነው፡፡ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፤ መኪናው ግን አይቆምም፡፡

ስለዚህ ፍሬን እንደማይቀለድበት እንስማማለን፡፡ የማንስማማው “አዲስ” በሚለው ቃል ላይ ነው፡፡ ካርቶኑ አዲስ መሆኑ ውስጡን አይመሰክርም፡፡ እኔ ራሴ አንድ ጊዜ የታወቀ ስም ከታተመበት ፓኮ የወጣ ጎሚኒ ገጥሜ፣ ወር ሳይሞላ አብጦ ፒስተኑን ጨምድዶ ይዞት አገኘሁት፡፡ ለሞተር ዘይት የተሠራ የጎማ ዓይነት የፍሬን ዘይት አይችልም፤ በዓይን ሲያዩት ግን ሁለቱም ጥቁር ናቸው፡፡ በሙሉ ካሊፐር ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህንኑ ጎማ ሳላየው ነበር የምገዛው፡፡ ከአራጅ ቤት የሚመጣው ያገለገለ ካሊፐርም ቢሆን ጎሚኒው ከኔው ያላነሰ ያረጀ ነው፡፡ ታዲያ ገዢው ውስጡን ያላየው አዲስና እያየው የታደሰ አሮጌ፣ የትኛው ነው ቀልድ?

በግቢ ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ሥራው ምሥጢር የለውም፤ ጥንቃቄ ግን አለው፡፡ በመጀመሪያ በሽታውን መለየት ያስፈልጋል፡፡ ጎማው አልዞር ሲል የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ ማድረግ ነው፡፡ ዘይት ተፈናጥሮ ጎማው ከለቀቀ ጥፋቱ የፒስተኑ ላይሆን ይችላል፤ ውስጡ የተደፈነ የጎማ ቱቦ ወይም ዋናው ሲሊንደር ሊሆን ይችላል፡፡ ይህን ባለማየት ጤነኛ ካሊፐር ስንቴ ተጥሏል!

መኪናው በክሪክ ብቻ አይታመንም፤ የማይንሸራተት ጠንካራ ማቆሚያ ከሥሩ ይግባ፡፡ ኮምፕሬሰር በሌለበት እንደ መርጡለ ማርያም ባለ ቦታ ቱቦው ሳይፈታ ፔዳሉን ቀስ እያሉ መርገጥ ፒስተኑን ያወጣዋል፡፡ ፊት ለፊቱ እንጨት ይደረግ፤ ጣት አይግባ፡፡ እጥበቱ በፍሬን ዘይት፣ በፍሬን ማጽጃ ወይም በአልኮል ነው፡፡ ቤንዚንና ናፍጣ ጎሚኒን ያሳብጣሉ፤ ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ የጎሚኒው ቦይ በእንጨት ስንጥር ይጸዳል እንጂ በካቻቢቴ አይፋቅም፡፡ አዲሱ ጎሚኒ በንጹሕ የፍሬን ዘይት ርሶ ይገባል፡፡ ፒኖቹ ለፍሬን የተዘጋጀ ግሪስ ይቀባሉ፤ የተሽከርካሪው ተራ ግሪስ ለዚህ አይሆንም፡፡ በመጨረሻ አየሩ በደንብ ወጥቶ፣ አዲስ ዘይት ገብቶ፣ ፔዳሉ ጠንካራ መሆኑ ቁልቁለት ሳይወጡ ሜዳ ላይ ይፈተሻል፡፡

የት ማቆም እንዳለበት ማወቅም ሙያ ነው፡፡ የፒስተኑ ገጽ በዝገት ተበልቶ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለው ፒስተኑ ይለወጥ፡፡ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ መመለስ ዘይቱን ለጥቂት ቀን ከማቆም አያልፍም፡፡ ሲሊንደሩ ራሱ የተበላ ከሆነ ወይም ብረቱ ከተሰነጠቀ ሙሉው ይጣል፡፡ ከመኪና ከመነዳሪ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት እተካለሁ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ቁልፉን ከእጁ መቀበል ነው፡፡ ይህን ሠርቶ የማያውቅ ባለመኪናም ከሚያውቅ ሰው ጋር ይሥራ፡፡

ከነጋዴው የሚጠበቀው

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ፡፡ ጎሚኒ ለብቻው የማይሸጠው ትርፍ ስለሌለው አይደለም፡፡ አስመጪው በአንድ ሙሉ ካሊፐር የሚያገኘውን ትርፍ በአንድ ፓኮ ጎሚኒ አያገኝም፤ በካርቶን ሲያስበው ግን ነገሩ ይገለበጣል፡፡ ጥቂት ካሊፐር በሚይዝ ካርቶን ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ፓኮ ይገባል፤ ዋጋውም የሙሉው ጥቂት ክፍልፋይ ነው፡፡ ማጓጓዣው ይቀላል፣ የሚታሰረው ምንዛሪ ያንሳል፣ ዕቃው ቶሎ ይዞራል፡፡ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ብቸናና መርጡለ ማርያም ያለ ባለሱቅም ተበድሮ ሳይሆን በኪሱ ገንዘብ መደርደሪያው ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፡፡

ሁለተኛው ሐሳባችን ለባለሀብቶች ነው፡፡ በአውሮፓና በአሜሪካ ካሊፐር የሚያድሱ ፋብሪካዎች አሉ፡፡ ገዢው የታደሰውን ሲወስድ ለአሮጌው መያዣ ከፍሎ፣ አሮጌውን ሲመልስ መያዣውን ይቀበላል፡፡ በዚህ ዘዴ ብረቱ ከገበያው አይወጣም፡፡ ለዚህ የሚያስፈልገው ማጠቢያ፣ ቶርኖ፣ የግፊት መፈተሻና የሠለጠነ እጅ ነው፡፡ የባሕር ዳር መንገድ የሚያልፍባት ደብረ ማርቆስ ለዚህ የምታንስ ከተማ አይደለችም፡፡ ከቴክኒክና ሙያ የሚወጡት ልጆችም ሥራ አጥተው ተቀምጠዋል፡፡

ሦስተኛው ለደላሎች ነው፡፡ “ኦሪጅናል ነው” ማለት ብቻውን ሙያ አይደለም፡፡ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር ጠይቆ፣ የዕቃውን ቁጥር አመሳክሮ፣ የፓኮውን ፎቶ ቀድሞ የሚልክ ደላላ ክፍለ ሀገር ያለው ደንበኛ ዕድሜ ልኩን አይለየውም፡፡ የዕቃ ጥራት የሚቆጣጠሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ለፍሬን ዘይትና ለጎሚኒ ከመኪና ምንጣፍና ከመስታወት ጌጥ ይልቅ ጠበቅ ያለ ዓይን ቢኖራቸው ደግ ነው፡፡ ዓመታዊ ምርመራ አልፎ ቦሎ የለጠፈ መኪና ፍሬኑ በእርግጥ ተፈትኗል ብሎ የተሳፈረው ሕዝብ የሚያምነው እነሱን ነውና፡፡

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፡፡ በእኛ ጉዳይ ቅጠሉ ጥቂት ግራም የሚመዝን ጎሚኒ ነው፡፡ እርሱ መርጡለ ማርያም ካለ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ቢገኝ ሚኒባሱ በነጋታው ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ባይገኝ ግን አንዱ ባለንብረት መኪናውን ያቆማል፣ ሌላው ደግሞ “እስቲ እንደምንም ያድርሰኝ” ብሎ እንደነከሰ ይዞት ይወርዳል፡፡ የምንፈራው ሁለተኛውን ነው፡፡