ሹፌሩ ያው ነው፣ መኪናው ግን ሌላ ነው!

ልምድ ያላቸው ኮከቦች አዲስ ቡድን ሲገቡ ለምን ይንገዳገዳሉ?

ከደሴ ተነስቶ በጊምባና በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም የሚያስገባውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ብርዱ፣ ጭጋጉ፣ ዳገትና ቁልቁለቱ ለሹፌር ቀላል ፈተና አይደለም። እስቲ በዚህ መስመር ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሹፌር አለ እንበል። ፍሬኑ የቱ ጋ እንደሚይዝ እግሩ ያውቃል፣ ማርሹ መቼ እንደሚከብድ እጁ ያውቃል። ረዳቱም ገና በዓይኑ ሲያየው ምን እንደፈለገ ይገባዋል።

አንድ ቀን ባለንብረቱ አይሱዙውን ሸጦ ሌላ መኪና ይገዛና ቁልፉን ያቀብለዋል። መንገዱ ያው መንገድ፣ ሹፌሩም ያው ሹፌር ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ግን ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ቀድሞት ይገባል። ታዲያ ሰውየው መንዳት ረሳ ማለት ነው? አልረሳም። ችግሩ ምን እንደሆነ ለማየት መጀመሪያ ወደ ጣሊያን፣ ከዚያ ወደ ራሳችን ሜዳ እንሂድ።

የ40 ዓመቱ ጀማሪ

ሉዊስ ሐሚልተን በፎርሙላ ዋን 7 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነና 105 ውድድሮችን ያሸነፈ ሰው ነው። ከእነዚህ ዋንጫዎች 6ቱን ያነሳው እ.ኤ.አ ከ2013 እስከ 2024 ድረስ በቆየበት በመርሰዲስ ቤት ነው። እ.ኤ.አ በ2025፣ በ40 ዓመቱ፣ ወደ ፌራሪ ሲዛወር የስፖርቱ ዓለም ቀጥ ብሎ ቆመ። የጣሊያን ጋዜጦች ፎቶውን ከፊት ገጽ አላወረዱትም። ብዙዎችም ስምንተኛውን ዋንጫ ከወዲሁ አስረከቡት።

የሆነው ግን ሌላ ነው። መጋቢት ላይ ቻይና ውስጥ የቅዳሜውን አጭር ውድድር ሲያሸንፍ "ይኸው መጣ!" ተባለ። በማግስቱ በዋናው ውድድር መኪናው የቴክኒክ ደንብ በመጣሱ ውጤቱ ተሰረዘበት። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ነው የወረደው። ሐንጋሪ ላይ የቡድን ጓደኛው ሻርል ሌክለር ከአንደኛ መስመር ለመነሳት ሲበቃ እሱ 12ኛ ሆነ። በንዴትም ራሱን የማይረባ ብሎ ተሳድቦ ቡድኑ ሌላ ሹፌር ቢፈልግ ይሻላል እስከማለት ደረሰ። በዓመቱ የመጨረሻ ሦስት ውድድሮች ደግሞ የመነሻ ቦታ ለመያዝ በሚደረገው ማጣሪያ የመጀመሪያውን ዙር እንኳን ማለፍ አቃተው። 24 ውድድሮች ተካሂደው በዋናው ውድድር አንድም ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ አልገባም። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ያለ ዓመት አጋጥሞት አያውቅም።

"ፌራሪ ራሱ ደካማ ስለነበር ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት አለው፤ ፌራሪ በዚያ ዓመት አንድም ዋና ውድድር አላሸነፈም። ነገር ግን በዚያው መኪና ሌክለር 242 ነጥብ ሲሰበስብ ሐሚልተን 156 ላይ ቆሟል። "እርጅና ነው" የሚልም ይኖራል። እሱም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሆንም። ፈርናንዶ አሎንሶ እ.ኤ.አ በ2023 አስተን ማርቲን ሲገባ 41 ዓመቱ ነበር፤ በመጀመሪያው ውድድር ሦስተኛ ወጣ፣ በዓመቱም 8 ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ውስጥ ገባ። በሌላ በኩል ዳንኤል ሪካርዶ ማክላረን የገባው በ31 ዓመቱ፣ 7 ውድድሮችን ካሸነፈ በኋላ ነበር። ሞንዛ ላይ አንድ ጊዜ ከማሸነፉ በስተቀር አልሆነለትም፤ ውሉ ሳያልቅ እ.ኤ.አ በ2022 መጨረሻ ተሰናበተ። ስለዚህ ዕድሜ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም።

እግር የለመደውን አይረሳም

ታዲያ ምስጢሩ ምንድነው? አንደኛው ልምድ ራሱ ነው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሹፌር "አሁን ፍሬን ልያዝ" ብሎ አያስብም፤ እግሩ ቀድሞ ይይዛል። ይህን እግር 12 ዓመት ያስተማረው የመርሰዲስ መኪና ነው። ፌራሪ ቤት የፍሬኑ ስሜት ሌላ፣ የመሪው ቁልፍ አቀማመጥ ሌላ ሆኖ ቆየው። በተለይ ወደ መታጠፊያ ሲገባ መኪናውን በሞተር ኃይል ይዞ የማዞር ዘዴ ለሐሚልተን አዲስ ነበር። የእኛ ሹፌሮች ቁልቁለት ላይ "በማርሽ ይዞ መውረድ" የሚሉትን ዓይነት ማለት ነው። ሌክለር ከ2019 ጀምሮ በዚያ ቤት ስለኖረ ነገሩ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ጀማሪ ልጅ የሚጠበቅበት መማር ብቻ ነው። ልምድ ያለው ግን መጀመሪያ የለመደውን መርሳት፣ ከዚያ መማር አለበት። ሁለት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ረዳቱ ነው። መርሰዲስ ውስጥ ከሐሚልተን ጆሮ ጋር በሬዲዮ የተገናኘው ፒተር ቦኒንግተን ("ቦኖ") የሚባለው መሐንዲስ ነበር። የሐሚልተንን ድምፅ ሰምቶ መቼ ማውራት፣ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ያውቃል። ፌራሪ ላይ እ.ኤ.አ በ2025 ይህን ቦታ የያዘው ሪካርዶ አዳሚ ነበር። በሁለቱ መካከል በሬዲዮ የተሰሙት ያልተገጣጠሙ ንግግሮች ዓመቱን ሙሉ መነጋገሪያ ነበሩ። ጥፋቱ የማንም ላይሆን ይችላል። መተዋወቅ ግን በፊርማ አይገዛም።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ በ2025 ከውድድሩ በፊት የተፈቀደው የጋራ ልምምድ 3 ቀን ብቻ ነበር፤ ያም በአንድ መኪና ለሁለት ሹፌር ይካፈላል። በቀን ተኩል ውስጥ የ12 ዓመት ልማድ ይለወጣል ብሎ የሚጠብቅ ካለ የዋህ ነው።

እዚህ ላይ ሐሚልተን ቦታውን የወሰደበትን ካርሎስ ሳይንስን ማንሳት ተገቢ ነው። ከፌራሪ ተገፍቶ ወደ ዊሊያምስ የሄደው ስፔናዊ የዓመቱን የመጀመሪያ አጋማሽ ተቸግሮ ነው ያሳለፈው። መስከረም ላይ ባኩ ውስጥ ሦስተኛ ወጣ፤ ኅዳር ላይ ኳታር ውስጥም ደገመው። ቡድኑ ስላልተጣደፈበት ጊዜ አገኘ። ታላቁ ሚካኤል ሹማከር እንኳን እ.ኤ.አ በ1996 ፌራሪ ገብቶ የሻምፒዮንነቱን ዋንጫ ለቤቱ ያመጣው በ2000 ነው። አምስተኛ ዓመቱ ላይ ማለት ነው! እሱም ቢሆን ብቻውን አልነበረም፤ ከቀድሞ ቡድኑ ከቤኔቶን ሮስ ብራውንና ሮሪ በርን ተከትለውት መጥተዋል። መኪናውን ቢቀይርም የሚያውቁትን ሰዎች ይዞ ነው የገባው።

ወደ እኛ ሜዳ እንምጣ

አሁን "እኛ ከፎርሙላ ዋን ጋር ምን አገናኘን?" የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገናኘናል! ይህንኑ ፊልም እኛ ደጋግመን አይተነዋል፤ መኪናው ብቻ ነው የሌለው።

አቡበከር ናስርን አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ የፕሪሚየር ሊጉን የአንድ ዓመት የግብ ክብረ ወሰን ሰበረ። በማግስቱ ዓመት የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደው። አገር ተደሰተ። ከዚያስ? ጉዳት መጣ፣ ተጠባባቂ ወንበር መጣ፣ ከስም ዝርዝር ውጭ መሆን መጣ። የቡናው አቡበከር ፕሪቶሪያ ላይ አልታየም።

ልጁ ኳስ ረሳ? በፍፁም። ቡናማዎቹን ያሰለጥን የነበረው ካሳዬ አራጌ ቡድኑን በአጭር ቅብብል ኳስ ይዞ እንዲጫወት አድርጎ ነው የሠራው፤ የዚያ ቅብብል መጨረሻ አቡበከር ነበር። ኳስ ወዴት እንደምትመጣለት ቀድሞ ያውቃል፣ ጓደኞቹም ወዴት እንደሚሮጥ ያውቃሉ። ሰንዳውንስ ግን በየቦታው ሁለትና ሦስት የአገር ተጫዋች የሚደረድር የአፍሪካ ኃያል ነው። ፊት መስመር ላይ እነ ፒተር ሻሉሊሌ ነበሩ። እዚያ የአንድ ወር ጉዳት ማለት ለሌላ ሰው ወንበር ማስረከብ ማለት ነው።

ከእሱ በፊት ጌታነህ ከበደ ነበር። እ.ኤ.አ በሰኔ 2013 አዲስ አበባ ላይ ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ሲረቱ ግብ ያስቆጠረው ጌታነህ፣ በዚያው ዓመት ወደ ተሸናፊዎቹ አገር ሄዶ ለቢድቬስት ዊትስ ፈረመ። አልተደላደለም፤ በውሰት ወደ ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲም ተላከ። ይሁንና ወደ ደደቢት ሲመለስ በ2009 ዓ.ም የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። ያስቆጠረው 25 ግብ ያኔ ክብረ ወሰን ነበር፤ በኋላ አቡበከር የሰበረው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ! እግሩ ያው እግር ነው። ደቡብ አፍሪካ ያልታየው ችሎታ ቤቱ ሲመለስ ከየት መጣ?

የፋሲል ከነማው ሙጂብ ቃሲምም እ.ኤ.አ በ2021 ወደ አልጄሪያው ጄ.ኤስ. ካቢሊ ተጉዞ ብዙ ሳይቆይ ነው የተመለሰው። በግብፁ ዋዲ ደግላ ስሙን የተከለው ሳላዲን ሰይድ እንኳን እ.ኤ.አ በ2014 ወደ አል አህሊ ሲሻገር የቆየው አጭር ጊዜ ነው። አንዱ ጎዳና ላይ የነገሠ ሰው ከጎኑ ባለው ጎዳና እንግዳ ሊሆን ይችላል።

የተሳካለትም አለ፤ ሽመልስ በቀለ። ከፈረሰኞቹ ከወጣ በኋላ ግብፅ ፔትሮጄት ገባ። ፔትሮጄት አል አህሊ ወይም ዛማሌክ አይደለም። የዋንጫ ጫና የለበትም፣ ወንበሩም በየሳምንቱ አይነጠቅም። ሽመልስ እዚያ ዓመታት ተቀመጠ፣ አገሩንና ሊጉን ለመደ፣ ቋሚ ተሰላፊ ሆነ፤ ለግብፅ ክለቦችም የሚፈለግ አማካይ ሆኖ ኖረ። ስሙ ትልቅ ወደሆነ ቤት ሳይሆን የሚጫወትበት ቤት መግባቱ ነው የጠቀመው።

የሴባስቶፖል ትምህርት

ለዚህ ሁሉ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ ተራራ እያስደለደሉና መንገድ እያስጠረጉ፣ ወራት ፈጅተው አደረሱት። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም የእንግሊዝ ጦር ሲመጣ ግን መድፉ የተለፋበትን ያህል አልሠራም። ዛሬም እዚያው አምባ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የምናየው አምሳያው ነው።

የእኛ ዝውውርም እንዲሁ ሆኗል። ድካማችን ሁሉ ተጫዋቹን ማድረሱ ላይ ነው። ወኪሉ የሚደራደረው በደመወዝ፣ ክለቡ የሚያስበው የዝውውሩን ገንዘብ፣ ደጋፊው የሚጠብቀው በአውሮፕላን ማረፊያ የሚነሳውን ፎቶ ነው። ከደረሰ በኋላ በምን ቋንቋ ያወራል? አሠልጣኙ እንዴት ያለ ጨዋታ ነው የሚጫወተው? በእሱ ቦታ ከፊቱ ስንት ሰው አለ? አሠልጣኙ ቢባረርስ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

የአገር ውስጡስ ቢሆን? ብዙ ተጫዋቾቻችን የፊርማ ገንዘብ እያዩ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ማሊያ ይቀይራሉ። አሠልጣኞችም ዓመት ሳይሞላቸው ይሰናበታሉ። ተጫዋቹ አዲሱን ቤት ለመልመድ ስድስት ወር ከፈጀበት፣ በሁለተኛው ስድስት ወር ደግሞ ስለሚቀጥለው ፊርማ ማሰብ ከጀመረ፣ ኳሱን መቼ ይጫወት? ከዚያ እኛ ደጋፊዎች "በቃ ጨርሷል!" እንላለን። በሦስተኛው ጨዋታ ላይ!

እርግጥ ነው ተጫዋቹም ከተጠያቂነት አያመልጥም። ሐሚልተን በ40 ዓመቱ ከቡድኑ ጋር ለመግባባት ጣሊያንኛ ሲማር፣ በ22 ዓመቱ ውጭ የሄደ ልጅ ቋንቋ ሳይማር ሆቴል ውስጥ ስልክ ይዞ ከዋለ ማንን ይወቅሳል? አዲስ ቤት የገባ ሰው ትናንት ያገባውን ግብ እየቆጠረ ሊኖር አይችልም።

ነገ ከመካነ ሰላም ወይም ከደሴ ሜዳዎች አንድ ልጅ ይነሳል። ሊጉን በግብ ያጥለቀልቃል፣ የውጭ ክለብም ይጠይቀዋል። ያን ቀን "ስንት ይከፍሉታል?" ከማለታችን በፊት "ያጫውቱታል ወይ?" ብለን እንጠይቅ። ሄዶ ቢንገዳገድም ቶሎ አንፍረድበት። መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር አዲሱን መኪና እስኪለምድ ጥቂት ዳገትና ቁልቁለት ያስፈልገዋል።