ለሰሊጥ ነጠላ ጋቢና ይሻላል

ከመተማ እስከ ገዳሪፍ የምንሠራ ነጋዴዎች ፒካፕ ስንገዛ ዓይናችን ቀድሞ የሚያርፈው ደብል ጋቢናው ላይ ነው። ያስከብራል፣ ቤተሰብም ይይዛል። ለጭነት ግን ሱዳኖች «ቦክሲ» የሚሉት ባለ ነጠላ ጋቢና ይበጀናል እንላለን።

ሃይሉክስን እንውሰድ። የነጠላ ጋቢናው የጭነት ቦታ ከ2 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የደብሉ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሁለቱም የሚችሉት ክብደት ግን ብዙ አይራራቅም፤ ወደ 1 ቶን፣ ማለትም 10 ኩንታል ሰሊጥ ነው። ይህ ጭነት ረጅሙ ላይ ዝቅ ብሎ ይተኛል። አጭሩ ላይ ወደ ላይ ይቆለላል፣ ወደ ኋላም ይገፋል፤ የፊት ጎማ ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል። በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ሲጨቀይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከኋላ ወንበር 3 ሰው ከተቀመጠማ 2 ኩንታል ያህል ከጭነቱ ይቀነሳል።

ሻጩ «ይህን ያህል ጆንያ ይጭናል» ቢላችሁ ኪሎውን ጠይቁ። ገዳሪፍ ሰሊጥ የሚሸጠው በቀንጣር ነው፤ 1 ቀንጣር 45 ኪሎ ገደማ ሲሆን የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው።

ሠራተኛ ወደ እርሻ ለሚያመላልስ ደብሉ ይሁንለት። ሰሊጥ የምንጭን ግን ሜትር ይዘን እንሂድ፤ ከመኪናው ስም በፊት የጭነት ቦታውን እንለካ።