ጋቢና የሌላት መኪና

«ለአንዲት መኪና 20 ሚሊዮን ዶላር?» አለኝ ወዳጄ። «ተው እንጂ!»

20 ሚሊዮን ከ465 ሺህ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምነግርህ፤ በ2021 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፔብል ቢች ላይ በተካሄደ ጨረታ አንዲት ማክላረን ኤፍ1 በዚህ ዋጋ ተሸጠች። ገንዘቡን ግን ለጊዜው እንተወው። እኔን የሚገርመኝ መኪናዋ የታሰበችበት መንገድ ነው።

«ያው የሀብታም መጫወቻ ናት። ምኗ ይታሰባል?»

ቆይ፣ መጀመሪያ ስለነደፋት ሰውዬ ልንገርህ። ጎርደን ሙሬይ ይባላል። የእኛው አህጉር ልጅ ነው፤ በ1946 ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ተወለደ። ገና በወጣትነቱ የራሱን የውድድር መኪና በእጁ ሠርቶ እዚያው አገሩ ተወዳደረባት። በ1969 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ብራባም የተባለው የፎርሙላ ዋን ቡድን ውስጥ ሥራ ያዘ። እሱ በነደፋቸው መኪኖች ኔልሰን ፒኬ በ1981 እና በ1983 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኋላ ወደ ማክላረን ቡድን ሄደ። በ1988 ማክላረን ከ16 ውድድሮች 15ቱን አሸነፈ፤ ያመለጠችው አንዷ የጣሊያኗ ሞንዛ ነበረች። ከዚያ ሽንፈት በኋላ አለቆቹና ሙሬይ አውሮፕላን ዘግይቶባቸው ሚላን ላይ ተቀምጠው ሳለ ነው ለመንገድ የሚሆን መኪና የመሥራቱ ሐሳብ የተወጠነው።

ሌላው ሰው ቢሆን ስንት የፈረስ ጉልበት ይኑራት ብሎ ይጀምር ነበር። ሙሬይ የጀመረው ከሚዛን ነው። ጉልበት ብትጨምር መኪናዋ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ትፈጥንልሃለች። ክብደት ብትቀንስ ግን ስትነሳም፣ ስትታጠፍም፣ ፍሬን ስትይዝም ትጠቀማለህ። ደግሞ ክብደት ክብደትን ይወልዳል፤ ከባድ ሞተር ጠንካራ ሻንሲ ይፈልጋል፣ ጠንካራው ሻንሲ ትልቅ ፍሬን፣ ትልቁ ፍሬን ሰፊ ቸርኬና ጎማ። ኪሎው በኪሎ ላይ እየተደራረበ ይሄዳል። ሰውዬው ሰንሰለቱን ከጫፉ ነው የበጠሰው።

«እንዴት አድርጎ?»

አካሏን በካርቦን ፋይበር ሠራው። ለመንገድ ከተሠሩ መኪኖች ዋና አካሏ በዚህ ነገር የተዋቀረ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የካርቦኑ ክር እንደ ጨርቅ ይሸመናል፤ በሙጫ ርሶ ቅርጽ ማውጫው ላይ በእጅ እየተነጠፈ ይደራረባል፤ ከዚያ በግፊት ምድጃ ውስጥ ይበስላል። ከብረት በጣም ይቀላል፣ ጥንካሬው ግን የሚያስደንቅ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ መኪና በገፍ አይወጣም። እስከ 1998 የተሠሩት ሁሉ ተደምረው 106 ናቸው፤ ከእነሱም መደበኛዎቹ የመንገድ መኪኖች 64 ብቻ።

ለሞተሩ የብራባም ዘመን ወዳጁን፣ የቢኤምደብሊውን ፖል ሮሽን ጠየቀ። «ከ250 ኪሎ የማይበልጥ፣ 550 የፈረስ ጉልበት ያለው» ነበር ትእዛዙ። ሮሽ ባለ12 ሲሊንደር፣ ባለ6.1 ሊትር ሞተር አመጣለት፤ ክብደቱ 266 ኪሎ፣ ጉልበቱ 627። ቱርቦ የለውም። ሙሬይ ቱርቦ ያልፈለገው ነዳጁን ስትረግጥ ሞተሩ ለአፍታ እንኳ ሳይዘገይ እንዲመልስልህ ብሎ ነው። የሞተሩ ክፍል ውስጡ በወርቅ ቅጠል የተለበጠ ነው፤ ወርቅ ሙቀትን በጣም ጥሩ አድርጎ ስለሚመልስ። ወርቁ በክብደት ከ20 ግራም አይበልጥም። እኔ ከቅንጦት ሁሉ ይሄኛውን እወደዋለሁ፤ ማንም የማያየው ቦታ ገብቶ ሥራውን የሚሠራ ወርቅ ነው።

«ክብደቷስ በመጨረሻ ስንት ሆነ?»

1,140 ኪሎ ገደማ። አዲስ አበባ ከምታውቃቸው ኮሮላዎች ብዙም አትለይም። ኋላ በ2005 የመጣችው ቡጋቲ ቬይሮን 1,001 የፈረስ ጉልበት ይዛ 1,900 ኪሎ ግድም ትመዝናለች። በፍጥነት በልጣታለች፣ ይሄ አይካድም። ግን በብልሃት ማን ይበልጣል ብትለኝ መልሴን ታውቀዋለህ።

አሁን ወደ ወንበሩ ልምጣ። ጋቢና የላትም።

«ምን ማለትህ ነው?»

ሹፌሩ መሀል ላይ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ተሳፋሪዎች ከኋላው ግራና ቀኝ ሆነው እግራቸውን በጎኖቹ ይዘረጋሉ። ምክንያቱን ስማ። ሞተሯ ከኋላ የሆነ ዝቅተኛ መኪና ውስጥ የፊት ጎማው መሸፈኛ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ፔዳሎቹ ወደ መሀል ይገፋሉ፤ ሹፌሩ ወገቡን ጠምዝዞ ነው የሚነዳው። መሀል ላይ ብታስቀምጠው እግሩ ቀጥ ብሎ ይዘረጋል፣ መንገዱንም በሁለቱም ጎን እኩል ያያል። ወንበሩና ፔዳሉም በገዢው ቁመት ልክ ይስተካከሉ ነበር።

የሌላትን ደግሞ ቁጠር፦ ፓወር ስቲሪንግ የለ፣ ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የለ፣ ሬዲዮ እንኳ የለ። ሙዚቃ ማጫወቻው ለብቻው ቀለል ተደርጎ ነው የተሠራው። የኤቢኤሱን ነገር እኔም አልቀበለውም። በዚያ ፍጥነት እርጥብ መንገድ ላይ የሰው እግር ብቻውን አይበቃም፤ እዚህ ላይ ሙሬይ ለሹፌሩ ችሎታ ከሚገባው በላይ አምኗል።

በውድድሩ አልቆይም። ለውድድር ብሎ አልነደፋትም ነበር፤ ገዢዎቹ ናቸው የወተወቱት። በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ «ለ ማን» በተባለው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ተሰለፈች፣ ያንኑ ዓመት አሸነፈች። በ1998 ደግሞ ጀርመን ውስጥ በሰዓት 386 ኪሎ ሜትር ሮጠች።

ወዳጄ ግን አልተረታም። «ጥሩ» አለ፣ «ሊቅ ነው። ሊቅነቱን ለ106 መኪና አዋለው። አንተና እኔ የምንሳፈርባት አይሱዙ ምን አገኘች?»

ይሄን እንድትጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር። ሙሬይ በ2020 ከ1,000 ኪሎ በታች የምትመዝን፣ ከኋላዋ አየር የሚስብ ማራገቢያ ያላት፣ ብዛቷ 100 ብቻ የሆነ ቲ.50 የምትባል መኪና አሳየ፤ ሹፌሯ አሁንም መሀል ነው። እሷም የሀብታም ናት። በመካከሉ ግን፣ በ2013፣ ሌላ መኪና ይፋ አድርጎ ነበር፤ ኦክስ ትባላለች። የጭነት መኪና ናት። ሰር ቶርኪል ኖርማን የተባሉ እንግሊዛዊ ለአፍሪካና ለመሳሰሉት አገሮች የገጠር መንገድ የምትሆን ርካሽ መኪና ንደፍልኝ ብለውት ነው የሠራት።

ወደ 19 ኩንታል ትጭናለች። ተበታትና በጠፍጣፋው ታሽጋ ትላካለች፤ ስድስቷ በአንድ ባለ40 ጫማ ኮንቴነር ትገባለች። ሦስት ሰዎች በ12 ሰዓት ያህል ጊዜ ይገጣጥሟታል። የኋለኛው መቀመጫ ብረት ተነቅሎ አሸዋ ወይም ጭቃ የያዘው ጎማ ሥር ይነጠፋል። ሹፌሩስ የት ይቀመጣል?

«መሀል!»

መሀል። እዚህ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው፤ በኬንያ በግራ ይነዳል፣ በኢትዮጵያ በቀኝ፣ መሀል የተቀመጠ ሹፌር ግን በሁለቱም አገር ያለ ለውጥ ይሠራል። ለባለሚሊዮኑ ወገብ የታሰበው ወንበር ለገበሬው ጭነት በታሰበች ርካሽ መኪና ላይ ተመለሰ። በሩዋንዳ የዚህችው መኪና የኤሌክትሪክ ዝርያ የገበሬ ምርት አመላልሳለች።

ወዳጄ ትንሽ ዝም ብሎ «ታዲያ እኛስ?» አለ።

እኛማ መኪና እንገጣጥማለን። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ነዳጅ የሚበላ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሎ የኤሌክትሪኩ ከተማውን እየሞላው ነው። ባትሪ ከባድ ዕቃ ነው፤ ሙሬይ ከ30 ዓመት በፊት የታገለው ክብደት ዛሬ የእኛ ጎማ፣ የእኛ አስፋልትና የእኛ የኤሌክትሪክ ወጪ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ምህንድስና የምታስተምሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ተማሪዎቻችሁን ሚዛን ፊት አቁሟቸው። እያንዳንዷን ብሎን ይመዝኑ። ለጎጃም የክረምት ጭቃና ለአፋር አሸዋ የምትሆን፣ ቀላል፣ ወረዳ ላይ የምትጠገን መኪና እንዲነድፉ ጠይቋቸው።