ባለ ሜዳሊያው ይምጣ ወይስ ልጆቹን የሚያውቀው?

ከቶሮንቶ በስተሰሜን ባለ አንድ የፈረስ በረት ልጆቻቸውን የሚያስጋልቡ ወላጆች ለጸደይ የሁለት ቀን የመሰናክል ዝላይ ሥልጠና እያሰናዱ ነው። ገንዘቡ ተዋጥቷል፤ የቀረው አሠልጣኙን መምረጥ ነው። ከመካከላቸው ሁለት ጸሐፊዎች አልተስማሙም። አንደኛው የልጅ ልጃቸውን የሚያመላልሱ የአዊ ተወላጅ ናቸው፤ ሌላዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ጋላቢ እናት ናት።

እሳቸው፦ ትልቁ ሰው ይጠራ

ገንዘቡ ከወጣ አይቀር ለትልቅ ሰው ይውጣ። በሁለት ቀን ልጅ ጋላቢ አይሆንም፤ ዓይኑ ግን ሊከፈት ይችላል። ዓይን የሚከፍተው ደግሞ ራሱ ብዙ ያየ ሰው ነው።

እንዲህ ያለውን ሰው ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገንም። እ.ኤ.አ. በ1968 ካናዳ ከሜክሲኮ ኦሎምፒክ ያገኘችው ብቸኛ ወርቅ የፈረስ ዝላይ ወርቅ ነበር። ያመጡት ጂም ኤልደር፣ ቶም ጌይፎርድና ጂም ዴይ ሲሆኑ ኤልደርና ጌይፎርድ የዚሁ የቶሮንቶ ልጆች ናቸው። ከዚህ በመኪና ጥቂት ሰዓት ተጉዞ ፐርዝ ከተማ የደረሰ ሰው የአንድ ፈረስ ሐውልት ያገኛል፤ ቢግ ቤን ነው። ጋላቢው ኢያን ሚላር በእሱ ላይ ተቀምጦ በ1988 እና በ1989 የዓለም ዋንጫን በተከታታይ ወሰደ። ሚላር ከ1972 እስከ 2012 አሥር ኦሎምፒኮች ላይ ተወዳድሯል፤ እስከ 2024 ድረስ በየትኛውም ስፖርት ይህን ያህል የተሳተፈ ሌላ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያ ሜዳሊያውን፣ የቡድን ብር፣ ያገኘው በዘጠነኛው ኦሎምፒኩ፣ በ61 ዓመቱ ነው። በ2019 ከብሔራዊ ቡድኑ ራሱን ካገለለ ወዲህ ፊቱን ወደ ማሠልጠን አዙሯል። የግድ እሱ ይምጣ አልልም፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ይምጣ ነው የምለው።

ምን ይጨምርልናል? ልጆቻችን በሁለት መሰናክሎች መካከል ያለውን ርቀት በእግራቸው ሲለኩ ቆሜ አያለሁ። ሃያ አራት የሰው እርምጃ ይቆጥራሉ፤ ሁለቱን ለማረፊያ፣ ሁለቱን ለመነሻ ይቀንሳሉ፤ የቀረውን ሃያ ለአራት ያካፍሉና «አምስት የፈረስ እርምጃ» ይላሉ። ይህን ማንም አሠልጣኝ ያስተምራል። ነገር ግን ሜዳችን ወደ በሩ አቅጣጫ ትንሽ ያዘቀዝቃል፤ ፈረስ ደግሞ በር ሲያይ ይፈጥናል፤ ዝናብ ያበሰበሰው አሸዋ በተራው እግር ይይዛል። አምስቱ አራት ተኩል መሆኑን ፈረሱ ገና የመጀመሪያውን መሰናክል አልፎ መሬት ሳይረግጥ የሚያውቅ ሰው፣ ያንን ዕውቀት ያገኘው ትልቅ ሜዳ ላይ ወድቆ ተነሥቶ ነው።

በአገራችንም ቢሆን ማን ከማን ተማረ? ጥር 23 ቀን እንጅባራ የወጣ ሰው ያውቀዋል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ሲዘክር ሜዳው በግላስና በቀይ ጥለት ይሸፈናል፤ ልጁ ግን ሕዝቡን ሁሉ ትቶ ዓይኑን የሚተክለው አንድ ሰው ላይ ነው፦ ሸርተት ብሎ ጦሩን አሳልፎ ወደ ኮርቻው በሚመለሰው ላይ። ንጉሡን በፈረሱ ስም «አባ ታጠቅ»፣ «አባ ዳኘው» ብሎ የሚጠራ ሕዝብ ስለ ፈረሰኛ ማዕረግ ሌላ ሰው እንዲያስተምረው አያስፈልገውም።

ደግሞ ጥቅሙ ለጋላቢዎቹ ብቻ አይደለም። የተመልካች ክፍያ ከጋላቢው በብዙ ያነሰ ነው። ከየበረቱ አሠልጣኞች መጥተው አጥር ዳር ማስታወሻ ይይዛሉ፤ የራሳችንም አሠልጣኝ እንደዚሁ። ስም የሌለውን ሰው ብንጠራ ማን ሊያይ ይመጣል?

እሷ፦ ልጆቹን የሚያውቅ ይቅደም

ጋሼ፣ ስለ እንጅባራ የጻፉትን አንብቤ ቅናት ይዞኛል፤ እኔ ያደግሁት ፈረስ ከጋሪ ጋር ብቻ በሚታይበት ሰፈር ነው። ግን ራስዎ እንደሚያውቁት ያ ልጅ ጥር 23 ሄዶ አልተማረም። ጥር 23 ዓመት ሙሉ የተማረውን ያየበት ቀን ነው። ያስተማረው ኮርቻ ሲጭን ልጓም ያስያዘው፣ ፈረስ ውኃ ሲያጠጣ ጀርባው ላይ ወርወር ያደረገው አባቱ ወይም አጎቱ ነው።

ወደ ራሳችን ጉዳይ ልምጣ። የስድስት ልጆች ቡድን ለአንድ ሰዓት ሲገባ ለአንድ ልጅ አሥር ደቂቃ ይደርሳል፤ ከአሥሩ ውስጥ ተራ መጠበቅና የወደቀ አግዳሚ መስቀል አለ። በቀረችው ጊዜ ታላቁ ሰው ምን ያደርጋል? እርካቡን ሁለት ቀዳዳ ያሳጥራል፣ «ተረከዝ ወደ ታች» ይላል፣ ልጓሙን ያስቀይራል። እሁድ ማታ አውሮፕላኑን ይይዛል። ሰኞ ልጄ በአዲሱ እርካብ ስትንገላታ አጠገቧ የምትቆመው የበረቱ አሠልጣኝ ናት፤ ለምን እንደተቀየረ ግን የነገራት የለም።

የልጆቻችን ፈረሶችም የራሳቸው አይደሉም። ማክሰኞ ጀማሪ፣ ሐሙስ ትልልቅ ሰው የሚሸከሙ የበረቱ ፈረሶች ናቸው። ትልልቆቹ አሠልጣኞች የሚውሉት ዋጋቸው ከቤት ከሚበልጥ ፈረሶች ጋር ስለሆነ አንዳንዶቹ ያረጀች ባዝራ ሲያዩ የሚሰጡት ምክር «ሌላ ፈረስ ግዙ» ነው። ይህን ለመስማት ገንዘብ አላዋጣሁም። ጋሼ ስለ ታላላቅ ሰዎች ካነሡ እኔም አንድ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1956 ሃሪ ደ ላየር የተባለ ከሆላንድ የመጣ ስደተኛ ወደ ቄራ ሊሄድ መኪና ላይ የተጫነ የእርሻ ፈረስ በ80 ዶላር ገዛ። ለጎረቤት ቢሸጠው አጥሩን እየዘለለ ተመለሰበት። በሁለት ዓመት ውስጥ ያ ፈረስ፣ ስኖውማን፣ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ የባለ ሀብቶቹን ፈረሶች አሸነፈ። ደ ላየር ያኔ ማን ነበር? የአንድ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት የግልቢያ አስተማሪ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ልግባ፤ በወላጆች ስብሰባ ላይ ሁሉም ዝም ያለበት ስለሆነ። ጆርጅ ሞሪስ የሚባለውን ስም በዚህ ስፖርት የማያውቅ የለም። በ2008 በቤጂንግ የአሜሪካን ቡድን ለወርቅ ያበቃ ኃላፊ ነው፤ ልክ እኛ አሁን እንደምናሰናዳው ባለ ሥልጠና ለአሥርት ዓመታት ሰሜን አሜሪካን ዞሯል። በ2019 የአሜሪካ ሴፍስፖርት ማዕከል ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ ጾታዊ ጥፋት ፈጽሟል ብሎ ዕድሜ ልኩን አገደው። ሰውየው አስተባብሏል፤ ይግባኙ ግን ውሳኔውን አልቀለበሰውም። ሻርሎት ዱጃርዲንም አለች፤ ውድድሯ ዝላይ ሳይሆን ድሬሳዥ፣ ማለትም ፈረስን በሥርዓት የማስኬድ ውድድር፣ ቢሆንም ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያላት እንግሊዛዊት ናት። በ2024 በፓሪስ ኦሎምፒክ ዋዜማ ራሷን አገለለች፤ ሰው እያሠለጠነች የፈረሱን እግር በአለንጋ ደጋግማ ስትመታ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣባት። ይቅርታ ጠየቀች፤ የአንድ ዓመት እገዳ ተቀበለች። ሜዳሊያ ልጄን በምን ድምፅ እንደሚያናግራት አይነግረኝም።

የእኛ አሠልጣኝ ፈቃድ የያዘችው የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታና የጭንቅላት ጉዳት ሥልጠና አቅርባ ነው። ኦንታሪዮ በ2018 ያወጣው የሮዋን ሕግ ጭንቅላቷን ተመታች ተብላ የተጠረጠረች ልጅ ወዲያው ከስፖርቱ እንድትወጣ፣ ሐኪም ሳይፈቅድም እንዳትመለስ ያዝዛል። ለሁለት ቀን የሚመጣ እንግዳ፣ መቶ ተመልካች አጥሩን ከቦ ሲጠብቀው፣ «ተነሺ፣ እንደገና ዝለዪ» ቢል ማን ደፍሮ ያስቆመዋል? እኔ አስቆማለሁ። ልጄ ግን ትጠላኛለች፤ እሱን ሳይሆን እኔን።

እሳቸው፦ ትንሽነትስ ዋስትና ነው ወይ?

እህቴ፣ የጠቀስሻቸውን ሁለቱን አልክድም። ነገር ግን ታላቅነት ለምግባር ዋስ ካልሆነ፣ ትንሽነት ዋስ የሚሆነው በየት በኩል ነው? ስም የሌለው ሰው በአለንጋው ቢማታ ዜና ስለማይሆን አንቺም እኔም አንሰማም። ማጣሪያውን ደግሞ ታላቁም ሰው ያምጣ፤ ሳያመጣ በሩን አይለፍ። የመሰናክሉን ከፍታ የበረቱ አሠልጣኝ ትወስን ብትዪም እፈርማለሁ፤ ሰማንያ ሳንቲ ሜትር የለመደች ልጅ ለጭብጨባ ሲባል አንድ ሜትር ከሃያ አትጠየቅ።

ካልተቀየምሽኝ አንድ ነገር ልናገር። ልጅሽ መሰናክሉ ጋ ልትደርስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ዛቡን ጠበቅ ታደርጋለች። ባዝራዋም አንገቷን ቀና ታደርግና ትገግማለች። መኸሩን ሁሉ እንዲህ ነበር። አሠልጣኟ መጀመሪያ ላይ ትጮህ ነበር፤ አሁን ትታዋለች። ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ በየቀኑ ያዩት ነገር መታየቱን ያቆማል። አዲስ ዓይን የምፈልገው ለዚህ ነው። ያም ዓይን የሰለለ ከሚሆን የተሳለ ይሁን። ታላቅ ሰው ሲናገር ልጅ ይሰማል፤ አንቺና አሠልጣኟ መቶ ጊዜ ያላችኋትን እሱ አንዴ ቢላት ትይዘዋለች። ይህ ለእናት ይመር ይሆናል፤ እኔም አያት ነኝና ደርሶብኛል።

እሷ፦ መጀመሪያ ይጠይቅ

አልተቀየምኩም ጋሼ። ዛቡን እንደምትይዝ አውቃለሁ። ታኅሣሥ ላይ አሠልጣኟን ጠይቄ የነገረችኝን ግን እርስዎ አልሰሙም። ባዝራዋ ወገቧን ታማ ነበር፤ ኮርቻው አልገጠማትም፤ መሰናክሉ ሲቀርብ የምትሮጠው ሕመሙን ለማምለጥ ነበር። ልጄ ዛቡን መያዝ የጀመረችው ያኔ ነው፤ ፈርታ። ኮርቻው ተቀየረ፤ ባዝራዋ ተሽሏታል። አሠልጣኟ ስለ እጇ መናገር ያቆመችው ረስታው አይደለም። ልጄ ስለ እጇ ባሰበች ቁጥር ትከሻዋ ስለሚደርቅ አሁን የምታሠራት ዛቡን አስሮ፣ ያለ እርካብ፣ በሶምሶማ ነው። መቀመጫዋ ሲጸና እጇ ራሱ ይለቃል ትላለች።

የሰላ ዓይን ያለው ሰው ይህችን ልጅ በአሥር ደቂቃ ቢያያት የሚያየው እርስዎ ያዩትን ነው፦ እጇን። በትክክልም ያያል። «ልቀቂ» ይላታል፤ እርስዎ እንዳሉት እሱን ስለምትሰማ ትለቃለች። መቀመጫዋ ገና አልጸናም፤ ፊት ለፊቷ መሰናክል አለ።

ስለዚህ ማጣሪያውንና ከፍታውን በተመለከተ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ በስም ላይም ግትር አልልም። ከእርስዎ ዝርዝር ውስጥ የፈለጉትን ይምረጡ፤ ደብዳቤውን እኔ እጽፋለሁ። ስለ ክፍያው ከማንሣታችን በፊት ግን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ ዓርብ ማታ መጥቶ ከአሠልጣኛችን ጋር ስለ እያንዳንዱ ልጅና ስለ እያንዳንዱ ፈረስ ለአንድ ሰዓት ይቀመጣል ወይ? ሁለቱንም ቀንስ እሷ ሜዳው ውስጥ አጠገቡ ትቆማለች ወይስ ከተመልካች ጋር አጥር ዳር? መልሱ ሳይመጣ ቼኩ እንዳይጻፍ ለገንዘብ ያዡ ነግሬያለሁ።